ጭሱ ወዴት ይሄዳል? ቤትን ለበረዶ ወራት ስለማሰናዳት

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሚኒያፖሊስ እኛ ዘንድ በሰነበተችበት ኖቬምበር፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈላ። ዕጣኑ በኤሌክትሪክ ማጨሻ ይጨሳል። ጭሱ ትንሽ ቀጥ ብሎ ይወጣና፣ አንድ ሰው ጫፉን ይዞ እንደሚስበው ክር ተለጥጦ ወደ ኮሪደሩ ይሄዳል፤ እዚያ ኮርኒሱ ላይ ደርሶ ይጠፋል። እማዬ ዓይኗን ከጭሱ ላይ ሳትነቅል፣

"አንተ፣ መስኮቱም በሩም ተዘግቷል አላልከኝም?" አለችኝ።

"ተዘግቷል እኮ፣ እማዬ።"

"ታዲያ ይኼ ጭስ በየት በኩል ነው የሚወጣው?"

ወንበር ላይ ቆሜ አየሁት። ጭሱ የሚሾልከው ወደ አቲክ በሚያስገባው የኮርኒስ ክዳን ጠርዝ ነው። አቲክ የሚሉት ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው በታች ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ከታች ሆኖ ለሚያየው ክዳኑ ገጥሟል። ጠጋ ሲሉ ግን ዙሪያውን እርሳስ የማያስገባ ስንጥቅ አለው፤ በዚያች ስንጥቅ ቤቱ ሌት ተቀን ይተነፍሳል። ያን ያህል ጊዜ ብርዱ በመስኮት ይገባል እያልን መጋረጃ ስናወፍር ኖረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ቀዳዳ ካገኘ ያመልጣል። ያመለጠው አየር ቦታውን ባዶ አይተውምና የሱን ያህል ቀዝቃዛ አየር ከታች ይሳባል፤ በምድር ቤቱ ስንጥቅ፣ በበሩ ሥር፣ በውጭው ግድግዳ ላይ ባሉት ሶኬቶች ቀዳዳ ይገባል። ቤቱ በሙሉ እንደ ጭስ ማውጫ ይሆናል ማለት ነው። ውስጡ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ውጭው ከዜሮ በታች 20 ሲሆን ልዩነቱ 40 ዲግሪ ነው፤ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ስበቱም ይበረታል። ሳሎን ተቀምጣችሁ እግራችሁን የሚበርዳችሁ ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያለው እግራችሁ ሥር ሳይሆን ከጭንቅላታችሁ በላይ ነው።

እኛ ክረምት ስንል የምናውቀው ዝናቡን ነው። አገር ቤት ሰኔ ሳይገባ ቆርቆሮው ይታያል፣ የላላው ምስማር ይመታል፣ አሸንዳው ይጠረጋል፣ ቦዩ ይከፈታል። ጣሪያው የሚፈተነው ከውጭ በሚመጣ ውኃ ነው። እዚህ ሚኒሶታ ግን ክረምት የምንለው የበረዶ ወር የሚውለው አገር ቤት በጋ በሆነበት ጊዜ ነው፤ ጣሪያውም የሚፈተነው ከውስጥ በሚወጣ ሙቀት ነው። ይህንን ልዩነት የያዘ ሰው የቀረውን ለመረዳት አይቸገርም። ብርዱም እንደዋዛ የሚታይ አይደለም። በዚህ ክፍለ ሀገር የተመዘገበው ትልቁ ቅዝቃዜ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ታወር በምትባለው ከተማ አቅራቢያ የተለካው ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በፋራናይት ከዜሮ በታች 60 መሆኑ ነው። ሚኒያፖሊስ ራሷ ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ደርሳለች።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ስንጥቅ ከመፈለግ ነው። መሣሪያውም እቤታችን አለ፤ ዕጣን። ነፋስ ያለበት ቀዝቃዛ ቀን ምረጡ። መስኮቱንና በሩን ሁሉ ዝጉ፣ ፈርነሱን፣ ማለትም የቤቱን ማሞቂያ፣ እና ሌላውን ጋዝ የሚያቃጥል ዕቃ አጥፉ። ከዚያ የወጥ ቤቱንና የመታጠቢያ ቤቱን አየር ማውጫ አብሩ፤ ስበቱ ይጠነክርላችኋል። የሚጨስ የዱላ ዕጣን ይዛችሁ፣ ከመጋረጃ እየራቃችሁ፣ በመስኮቱ ጠርዝ፣ በበሩ ዙሪያ፣ በሶኬቶቹ አፍ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ቱቦው ግድግዳ በሚበሳበት ቦታ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። ጭሱ ከተንቀጠቀጠ ወይም ወደ ውስጥ ከተገፋ አየር አለ። ሲጨርሱ አየር ማውጫዎቹን አጥፍቶ ጋዙን መልሶ ማብራት ነው። አብዛኛው ሰው የሚረሳት ቦታ ምድር ቤት ውስጥ፣ የሲሚንቶው ግድግዳ አብቅቶ የእንጨቱ ወለል የሚያርፍባት መጋጠሚያ ናት። ቤቱን ከዙሪያው የሚከብበው ትልቁ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

መድፈኑ ከባድ ሥራ አይደለም። ለቀጭኑ ስንጥቅ ሲሊኮን፣ ለሰፊው የሚነፋ ፎም፣ ለሚከፈትና ለሚዘጋው ነገር የሚለጠፍ የጎማ ጥብጣብ ይበቃል። የእኛን የአቲክ ክዳን ችግር የፈታው በዙሪያው የለጠፍነው ጎማና በጀርባው የተጣበቀ ወፍራም የፎም ሰሌዳ ነው። በማግስቱ ዕጣኑ ሲጨስ እማዬ ጭሱን በዓይኗ ተከትላ፣ "አሁን ቤት ሆነ" አለች።

ከተደፈነ በኋላ ነው ሙቀት እንዳያመልጥ የሚነጠፈው ኢንሱሌሽን የሚመጣው፤ ቅደም ተከተሉን የሚያበላሹ ብዙ ናቸው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከጋቢ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጋቢ አራት እጥፍ ስስ ጥጥ ነው። የሚያሞቀን ጥጡ ራሱ ብቻ ሳይሆን በእጥፎቹ መካከል ተይዞ የቆመው አየር ነው፤ ያልተንቀሳቀሰ አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ነፋስ ሜዳ ላይ ሲቆሙ ግን ጋቢ ብቻውን አያዋጣም፤ ነፋሱ በስሱ ጥጥ አልፎ የያዘውን አየር ይነጥቀዋል። አቲክ ላይ የሚነፋው ፋይበርግላስም ሆነ ከወረቀት የሚሠራው ሴሉሎስ ሥራው የጋቢ ሥራ ነው። ከሥሩ ያለው ስንጥቅ ካልተደፈነ የሞቀው አየር በመሐሉ እየሾለከ ያልፋል። በዚህ አካባቢ ለአዲስ ቤት አቲክ የሚጠየቀው መጠን በባለሙያዎቹ አጠራር አር 49 ነው፤ ይህም እንደ ዓይነቱ ከ35 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይሆናል። ወደ አቲካችሁ ብቅ ብላችሁ የወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች ጀርባቸው ከታያችሁ፣ ቤታችሁ የለበሰው ነጠላ ነው። በአሮጌ ቤት ግን የሚያብለጨልጭ ጠጠር የመሰለ ነገር ተነጥፎ ካገኛችሁ አትንኩት። ቨርሚኩላይት የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ አስቤስቶስ አለበትና በባለሙያ ይታይ።

የመስኮቱ ነገር ቶሎ የሚያልቅ ነው። በየሱቁ የሚሸጠውን ስስ ፕላስቲክ በፍሬሙ ዙሪያ በሁለት ጎን በሚይዝ ፕላስተር ለጥፎ የፀጉር ማድረቂያ ማስጠጋት ነው። ፕላስቲኩ ዓይናችሁ እያየ ይወጠራል፣ ጭምድዱ ይጠፋል፣ በመስታወቱና በሱ መካከል የቆመ አየር ይቀራል። ሌላ ጋቢ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው እንውጣ፤ ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነውና። በጃንዋሪ በየመንደሩ ስትዘዋወሩ ከጣሪያ ጠርዝ ላይ እንደ ሰይፍ የተንጠለጠለ ግግር በረዶ ታያላችሁ። ፎቶ የሚያነሳው አለ። ለባለቤቱ ግን የጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል። ከቤቱ ያመለጠው ሙቀት አቲኩን ያሞቀዋል፣ አቲኩ ጣሪያውን ያሞቀዋል፣ ጣሪያው ላይ ያለው በረዶ ከሥሩ ይቀልጣል። የቀለጠው ውኃ በበረዶው ሥር እየወረደ ከግድግዳው አልፎ ወደወጣው የጣሪያ ከንፈር ይደርሳል። ከንፈሩ ሥር የሞቀ ክፍል የለም፤ ስለዚህ ውኃው እዚያ ተመልሶ በረዶ ይሆናል። በየቀኑ በላዩ ላይ እየተጨመረ ግድብ ይሠራል። ከኋላው የሚመጣው ውኃ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ተመልሶ በጣሪያው ንጣፍ ሥር ይገባል፤ የጣሪያ ንጣፍ ወደ ታች ለሚወርድ ውኃ እንጂ ወደ ላይ ለሚመለስ አልተሠራም። መኝታ ቤት ኮርኒስ ላይ ቢጫ እድፍ የሚታየው ያኔ ነው። ብዙ ሰው አሸንዳውን ይከሳል። አሸንዳውን በመከር ከቅጠል ማጽዳት ተገቢ ነው፤ በሽታው ግን ያለው ከኮርኒሱ በላይ ነው። ለጊዜው መሬት ላይ ቆሞ በረጅም እጀታ በረዶውን ከጣሪያው ከንፈር መሳብ ይቻላል። በመጥረቢያ መፈልፈል ግን ግድቡን ሳይሆን ጣሪያውን ማፍረስ ነው፤ በዚያ ላይ መሰላል ላይ ቆሞ።

ሁለተኛው ጠላት የቆመ ውኃ ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ቱቦ የሚፈነዳው በረዶው ግድግዳውን ወደ ጎን ስለገፋው ብቻ ይመስለን ነበር። በአብዛኛው የሚሆነው ሌላ ነው። ግግሩ ቱቦውን እንደ ውታፍ ይዘጋዋል፤ እያደገ ሲሄድ በሱና በተዘጋው ሩቢኔት መካከል የታሰረውን ውኃ ይጨምቀዋል። ውኃ ተጨምቆ አያንስም፣ ስለዚህ ግፊቱ ይንራል፤ ቱቦው ከደከመበት ቦታ ይቀደዳል፤ በረዶ በሌለበት በኩል ሳይቀር። በኃይለኛ ብርድ ሌሊት ሩቢኔቱን በቀጭኑ ማንጠባጠብ የሚረዳው ለዚህ ነው፤ ግፊቱ መውጫ ያገኛል። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት የውጭው ሙቀት ወደ 20 ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ፣ በደንብ ያልተሸፈኑ ቱቦዎች ለአደጋ መጋለጥ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። ዕቃ ማጠቢያችሁ በውጭው ግድግዳ ላይ ከሆነ ማታ ማታ ከሥሩ ያለውን የቁም ሳጥን በር ከፍታችሁ እደሩ፤ የክፍሉ ሙቀት ቱቦውን ይድረሰው። አገር ቤት ለጥምቀት ስትሄዱም ማሞቂያውን አታጥፉት፤ ከ55 ፋራናይት፣ ከ13 ዲግሪ በታች አይውረድ።

የመጀመሪያው ዓመት የደረሰብንን ልንገራችሁ። ግቢው ላይ ያለው ሩቢኔት ብርድ የማይነካው ዓይነት ነው ተብለን ነበር። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለው ሩቢኔት እጀታው ውጭ ቢሆንም ውኃውን የሚዘጋው ክፍል ግድግዳውን አልፎ ሃያና ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ገብቶ በሙቀቱ በኩል ነው ያለው። ሲዘጋ ከፊቱ የቀረው ውኃ ወደ ውጭ ይንጠባጠብና ቱቦው ባዶ ይሆናል። እኛ ግን የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ሳንነቅለው ከረምን። ጎማው ሲኖር ውኃው አይወርድም፣ እዚያው በረዶ ይሆናል፣ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ክፋቱ በክረምቱ ምንም አይታይም። በሜይ አበባ ልናጠጣ ሩቢኔቱን ስንከፍት ውኃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ ምድር ቤት የተቀመጠውን የእናት አባቶቻችንን ፎቶ ሁሉ አበላሸው። ጎማ መንቀል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እግረ መንገዳችሁን ዋናው የውኃ መዝጊያ የት እንዳለ ለቤተሰቡ ሁሉ አሳዩ። ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ውስጥ ከቆጣሪው አጠገብ ነው። በረዶ የሆነ ቱቦ ካጋጠማችሁ ሩቢኔቱን ከፍታችሁ፣ ከሩቢኔቱ በኩል ጀምራችሁ፣ በፀጉር ማድረቂያ ቀስ እያላችሁ አሙቁት። እሳት አታስጠጉ፤ ቱቦ ሊያቀልጡ ቤት ያቃጠሉ አሉ።

ፈርነስ በመከር በባለሙያ ይፈተሽ። ከዚያ በኋላ ያለው የኛ ድርሻ ፊልተሩ ነው። ፊልተር ሲታፈን አየሩ አያልፍም፣ የፈርነሱ ሆድ ከልክ በላይ ይግላል፣ መከላከያው ያጠፋዋል። ሌሊት በሰባት ሰዓት ቤቱ ሲቀዘቅዝ ሰው ጠርተው ከፍ ያለ ገንዘብ የሚከፍሉበት ብልሽት አንዳንዴ አንድ የቆሸሸ ፊልተር ሆኖ ይገኛል። በየአንድ እስከ ሦስት ወር ይቀየር። ጠርዙ ላይ ያለችው ቀስት ወደ ፈርነሱ ታመልክት፣ የገባበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። አዳዲሶቹ ፈርነሶች የሚተነፍሱት በጎን ግድግዳ በሚወጣ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ በረዶ በጣለ ቁጥር ወጥታችሁ አፉን በአካፋ ጥረጉት። የጋዝ ቆጣሪውን ዙሪያም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ በኦክቶበር ይለቅ። በ1991 በሃሎዊን ዕለት በረዶ መጣል ሲጀምር ገና ኖቬምበር አልገባም ነበር፤ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል 72 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥሎ ነው ያቆመው።

ለእግረኛ መንገድ የሚነሰነሰው ጨው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሲበዛ አይሻልም። ተራው ጨው ከ15 ፋራናይት በታች፣ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ፣ ሥራውን ያቆማል፤ ያኔ አሸዋ ይሻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ያህል ውኃ ለዘለቄታው ይበክላል፣ የሚሄደውም ወደ ሐይቆቻችን ነው። መጀመሪያ በአካፋ መጥረግ፣ ከዚያ በቁንጥር መነስነስ።

ለተከራዮችም አንድ ነገር። በሚኒሶታ ሕግ ማሞቂያውን ተከራዩ ራሱ የማይቆጣጠረው ከሆነ፣ አከራዩ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቤቱን ቢያንስ 68 ፋራናይት፣ ማለትም 20 ዲግሪ አድርጎ የማሞቅ ግዴታ አለበት። የማሞቂያ ሒሳብ መክፈል ያቃተውም በዚያው ወቅት ከኩባንያው ጋር የክፍያ ስምምነት አድርጎ እስካከበረው ድረስ ማሞቂያው እንዳይቆረጥበት ይጠበቃል። ሳትደውሉ ዝም ብላችሁ ግን ሕጉ ራሱ አይመጣላችሁም። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ስንጥቅ የሚደፍንና ኢንሱሌሽን የሚጨምር የመንግሥት እርዳታም አለ፤ የቤት ባለቤትም ተከራይም ማመልከት ይችላል።

ቤት በደንብ ሲዘጋ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የምጣዱ እንፋሎት መውጫ አጥቶ መስኮቱ ላይ ላብ ይሆናል፤ በኃይለኛ ብርድ ላቡ ከውስጥ ውርጭ ይጋግራል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል። የወጥ ቤቱን አየር ማውጫ አብርቶ መጋገር ነው። ይህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ከሰል ነው። ይህን የምጽፈው እየተጨነቅሁ ነው፤ ምክንያቱም ልማዳችን ውስጥ አለ። አገር ቤት ከሰል ውጭ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ እስኪያልቅ ይቆያል፣ በደንብ ሲፋም ወደ ቤት ይገባል። ፍም ከሆነ ችግር የለውም ብለን ነው ያደግነው። ጭሱ ያልቃል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ አያልቅም፤ ቀይ ፍሙ በነደደ ቁጥር ሲያወጣው ይቆያል። አይታይም፣ አይሸትም። በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይዞ አይለቅም። በጣራው ስንጥቅ የሚተነፍሰው የአገር ቤት ጎጆ ውስጥ እንኳ በከሰል ታፍነው ያደሩ ሰዎችን ወሬ እየሰማን ነው ያደግነው። አሁን ደግሞ ስንጥቁን ሁሉ በሲሊኮን የደፈንን ሰዎች ነን። መስኮት ገርበብ ማድረግ አያድንም። በዚህ አገር ለቡናም፣ ለዕጣንም፣ ለሙቀትም ቢሆን ከሰል ቤት ውስጥ አይግባ። የጋዝ ምድጃ ከፍቶ ክፍል ማሞቅ፣ ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ ማሞቅም እንደዚያው ነው፤ የጋራዡ በር ክፍት ቢሆንም።

ቤተሰቡ በአንድነት ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ውጭ ሲወጣ ደግሞ ቀለል ካለው ጉንፋን አይደለም። ሁሉም ወጥቶ ከውጭ ሆኖ 911 ይደወል። የሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ፣ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም እንዲኖር ያዛል። አላርሙ ኖሮ ባትሪው የሞተበት ቤት ብዙ ነው። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነሱና ቁልፉን ተጫኑት፤ ካልጮኸ ነገ ሳይሆን ዛሬ ባትሪ ግዙለት።